ማማው ለምን አልፈረሰም?

ተማሪዎች፣ አንድ ሰው ድንገት «ፈረንሳይ» ቢላችሁ በዐይነ ኅሊናችሁ አስቀድሞ የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ አገሪቱን ረግጣችሁ ባታውቁም፣ በመጽሐፍ ወይም በፎቶግራፍ ያያችሁትን አንድ ረጅም የብረት ማማ እንደምታስቡ እገምታለሁ። ይህ በፓሪስ ከተማ፣ በሴን ወንዝ ዳር የቆመው የኤፍል ማማ ነው። ዛሬ ማማውን ከፈረንሳይ፣ ፈረንሳይንም ከማማው ነጥሎ ማሰብ አስቸጋሪ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ የአንድ ሕዝብ መለያ ለመሆን የበቃ ሥራ ከ20 ዓመት በኋላ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ እንደ ነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ አገር ምልክቶች ሲነገር ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ቁመትን፣ ውበትንና ዕድሜን ነው። «ይህ ግንብ ረጅም ነው፤ ይህ ሐውልት ያማረ ነው፤ ይህ ሕንፃ ጥንታዊ ነው፤ ስለዚህ የአገር ምልክት ሊባል ይገባዋል» ይላሉ። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንድን ሥራ ለአገር ምልክትነት የሚያበቃው ከሁሉ አስቀድሞ ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ሰው ውበቱን የሚያስተውለው፣ ፍቅሩም በልብ የሚያድረው አገልግሎቱ ዕድሜ ከገዛለት በኋላ ነው። ለዚህ አስተያየቴ ዋናው ማስረጃ የዚሁ የኤፍል ማማ ታሪክ ነው። በምተርክላችሁ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በ1889 ፈረንሳይ የ1789ን አብዮት መቶኛ ዓመት ታከብር ስለ ነበር፣ የኢንዱስትሪዋን እድገት ለዓለም የምታሳይበት ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት በፓሪስ አዘጋጀች። ለዚሁ ትርኢት 300 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ማማ እንዲሠራ ተወሰነ። የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጡት ሞሪስ ኬክላንና ኤሚል ኑጊዬ የተባሉ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ቅርጹን ያሳመረው ስቴፋን ሶቬስትር የተባለ አርክቴክት ነው። ሥራውን በኀላፊነት ተረክቦ ከፍጻሜ ያደረሰው ግን መሐንዲሶቹ ይሠሩበት የነበረው ድርጅት ባለቤት ጉስታቭ ኤፍል ነበር። ግንባታው በ1887 መጀመሪያ ተጀምሮ በመጋቢት 1889 ተጠናቀቀ። 18,038 የብረት ክፍሎች በ2 ሚሊዮን ተኩል የብረት ችንካሮች ተያይዘው፣ 7,300 ቶን የሚመዝን ብረት ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ቆመ።

ለዚህ ሥራ መንግሥት የሰጠው ገንዘብ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፍራንክ ብቻ ነበር፤ ይህም ከወጪው አብላጫውን የሚሸፍን አልነበረም። የቀረውን ገንዘብ ያገኘው ኤፍል ራሱ ስለ ሆነ፣ ከጎብኚዎች የሚገባውን ገቢ ከ1890 ጀምሮ ለ20 ዓመታት እንዲሰበስብ ተፈቀደለት። በ1909 መጨረሻ ላይ ግን ማማው የፓሪስ ከተማ ንብረት ይሆናል፤ ከተማይቱም ከፈለገች ታፈርሰዋለች። ውሉ ይህ ነበር።

ማማውን ለማፍረስ የሚሻ ሰውም አልጠፋም ነበር። ገና መሠረቱ ሲጣል፣ በየካቲት 1887፣ ስመ ጥር የሆኑ ጸሐፊዎችና አርቲስቶች «ለ ታን» በተባለው ጋዜጣ ላይ የተቃውሞ ጽሑፍ አወጡ። ከፈራሚዎቹ መካከል ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን፣ የሙዚቃ ደራሲው ሻርል ጉኖ፣ የፓሪስን ኦፔራ ቤት የሠራው አርክቴክት ሻርል ጋርኒዬ ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች በማማው ላይ ያቀረቡት ክስ ሁለት ነበር፤ አንደኛው አስቀያሚ ነው የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ የማይጠቅም ነው የሚል። ኤፍልም ዝም አላለም። መሐንዲስ ለጥንካሬ ሲጨነቅ ውበትን የሚዘነጋ እንዳልሆነ፣ የማማው እግሮች ጉብጠት የነፋስን ኀይል ለመቋቋም በስሌት የተገኘ መሆኑን፣ ማማውም ለሳይንስና ለአገር መከላከያ እንደሚጠቅም መለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሁለቱን ክሶች መዝኑ። «አስቀያሚ ነው» የሚለው ክስ የዐይን ጉዳይ ነው፤ ዐይን ደግሞ በጊዜ ብዛት የሚለምደውን ነገር ሊወደው ይችላል። «አይጠቅምም» የሚለው ክስ ግን በልማድ የሚሻር አይደለም። ለዚህ ክስ መልስ የሚሆነው ሥራ ብቻ ነው። ኤፍል ይህን ጠንቅቆ የተረዳ ይመስለኛል።

በትርኢቱ ዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ማማውን ጎበኘ። ዳሩ ግን የአዲስ ነገር ጉጉት እንደ ሠርግ ቤት ጭብጨባ ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በሚቀጥሉት ዓመታት የጎብኚዎቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ኤፍልም ማማውን ለማዳን ሥራ ይፈልግለት ጀመር። በላዩ የአየር ጠባይ መመልከቻ አኖረበት፤ ዕቃዎችን ከላይ ወደ ታች እየለቀቀ የአየርን ግፊት አጠናበት፤ በ1909ም ከግርጌው የነፋስ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አቆመ። እነዚህ ሁሉ ለሳይንስ የጠቀሙ ሥራዎች ነበሩ። ማማውን ከመፍረስ ለማዳን ግን የሚበቁ አልነበሩም። ያዳነው ማማው ሲሠራ ገና ያልተፈለሰፈ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሬዲዮ ነው።

በገጠር ያደገ ሰው ከሸለቆ ውስጥ ሆኖ ማዶ ያለውን ሰው መጣራት ከንቱ ድካም መሆኑን ያውቃል። ድምፁ እንዲሰማለት ሲፈልግ ጉብታ ላይ ይወጣል። በሬዲዮም ረገድ ከፍታ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ መልእክት ሩቅ እንዲደርስ እጅግ ረጃጅም የአንቴና ሽቦዎችን ከፍ ባለ ቦታ ላይ መስቀል ግድ ነበር። ይህን ያህል ከፍታ ያለው ምሰሶ ለመትከል ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። በፓሪስ ግን 300 ሜትር የሚረዝመው ምሰሶ አስቀድሞ ተተክሎ ሥራ ይጠብቅ ነበር።

በ1898 ኤዥን ዲክሬቴ የተባለ የሳይንስ መሣሪያዎች ሠሪ ከማማው አናት ላይ ሆኖ 4 ኪሎሜትር ርቆ ወደሚገኘው ፓንቴዎን ወደ ተባለው ሕንፃ ያለ ሽቦ መልእክት አስተላለፈ። በ1903 ደግሞ ኤፍል ማማውን ለጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ሙከራ ለመስጠት፣ ወጪውንም ከራሱ ኪስ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። ሥራውን የመራው ጉስታቭ ፌርዬ የተባለው የመሐንዲስ ጦር መኮንን ነበር። ሽቦዎች ከማማው ጫፍ ተነሥተው ወደ ሻን ደ ማርስ ሜዳ ተዘረጉ። በመጀመሪያ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ብቻ ይደርስ የነበረው መልእክት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሺዎች ኪሎሜትሮችን ተሻገረ። ከዚያም በሜዳው ሥር፣ ከመሬት በታች፣ ቋሚ የሬዲዮ ጣቢያ ተሠራ። የውሉ ቀን ሲደርስ ማንም «አይጠቅምም» ለማለት አልቻለም። ከጥር 1 ቀን 1910 ጀምሮ ውሉ ለ70 ዓመታት ታደሰ።

«ባይጠቅምም ኖሮ ስለ ውበቱ ሲሉ አያፈርሱትም ነበር» የሚል ሰው ቢኖር፣ ከማማው ጋር በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሜዳ ላይ የተሠራውን ሌላ ሕንፃ እንዲያስብ እጠይቀዋለሁ። ይህ ሕንፃ «የመኪናዎች አዳራሽ» ይባል ነበር። ርዝመቱ 420 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በመካከሉ አንድም ምሰሶ ሳይኖር ከ100 ሜትር የሚበልጥ ስፋት የሸፈነ የብረትና የመስተዋት ሥራ ነበር። በዘመኑ ሰዎች በአድናቆት ይመለከቱት የነበረ ድንቅ የምሕንድስና ውጤት ነው። ከትርኢቱ በኋላም ለኤግዚቢሽንና ለብስክሌት እሽቅድድም ማካሄጃ ሆነ። ሆኖም ይህ አገልግሎት በሌላ ቦታም ሊገኝ የሚችል ነበር። ስለዚህ ማማው አዲስ ውል ባገኘበት ወቅት ያ አዳራሽ ፈረሰ። ሁለቱ አንድ የልደት ዘመን ነበራቸው፤ ሁለቱም ከብረት ተሠርተዋል፤ ሁለቱም ተደንቀዋል። ዛሬ ግን አንዱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የሌላውን ስም የሚያነሡት የታሪክና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ማማው የተጨመረለትን ዕድሜ በከንቱ አላሳለፈውም። ከግንቦት 1910 ጀምሮ የሰዓት ምልክት በሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ እንደምትዞር በጂኦግራፊ ትምህርታችሁ ተምራችኋል። በውቅያኖስ መካከል ያለ መርከበኛ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ተጓዘ የሚያውቀው እርሱ ባለበት ቦታ ያለውን ሰዓት ከታወቀ ቦታ ሰዓት ጋር በማስተያየት ነው። የመርከቡ ሰዓት በ4 ሴኮንድ ብቻ ቢሳሳት፣ በምድር ወገብ አጠገብ ስሕተቱ ወደ 2 ኪሎሜትር ይጠጋል። ሌሊት በዐለት አጠገብ ለሚያልፍ መርከብ 2 ኪሎሜትር ማለት ሕይወትና ሞት ማለት ነው። ስለዚህ ፈረንሳይን አይቶ የማያውቅ የሌላ አገር መርከበኛ እንኳ ለዚህ ማማ ባለዕዳ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 በተነሣ ጊዜም የማማው ጣቢያ የጠላትን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፈ ለፈረንሳይ ጦር አዛዦች ያደርስ ነበር። በመስከረም 1914 የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ ተቃርቦ በማርን ወንዝ አካባቢ ብርቱ ጦርነት በተደረገ ጊዜ ይህ አገልግሎት እጅግ ጠቅሟል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዜማና ወሬ ከማማው ወደየቤቱ ይሠራጭ ጀመር። በ1935 የቴሌቪዥን ማሠራጫ ተተከለበት። ዛሬም የሬዲዮና የቴሌቪዥን አንቴናዎች በአናቱ ላይ ይገኛሉ፤ በ2022 አዲስ አንቴና በተተከለበት ጊዜ ቁመቱ 330 ሜትር ደርሷል።

ስለ ቁመት ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። የኤፍል ማማ በዓለም ላይ ከሰው እጅ ሥራዎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ የኖረው እስከ 1930 ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት በኒውዮርክ የተሠራው የክራይስለር ሕንፃ በለጠው። ከዚያ ወዲህ የበለጡት ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ምልክትነቱ የቆመው በቁመቱ ላይ ቢሆን ኖሮ በ1930 ክብሩ ሁሉ ወደ ኒውዮርክ በተሻገረ ነበር። ነገር ግን ከፈረንሳዮች ልብ አንዲት ስንዝር እንኳ አልተነቃነቀም። ከዚህ የምንረዳው የቁመት ክብር የሚበልጥ እስኪመጣ ድረስ ብቻ የሚቆይ የውሰት ክብር መሆኑን ነው።

ይህ ነገር በፓሪስ ብቻ የታየ አይደለም። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በ1960ዎቹ የተሠሩት ረጃጅም ፎቆች የሬዲዮንና የቴሌቪዥንን ሞገድ ስላወኩ፣ ከፎቆቹ ሁሉ በላይ ሆኖ የሚያሠራጭ 553 ሜትር የሚረዝም ማማ በ1976 ተከፈተ። ሲኤን የተባለው ይህ ማማ በ2007 በዱባይ ሕንፃ እስኪበለጥ ድረስ ያለ ደጋፊ ገመድ ከቆሙት ሥራዎች ሁሉ የሚረዝም ነበር። የበላይነቱን ቢያጣም የካናዳውያን ኩራት መሆኑን አላጣም።

የበርሊኑ የቴሌቪዥን ማማ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል። ይህን 368 ሜትር የሚረዝም ማማ በ1969 ያስመረቀው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የሥርዓቱን ኀያልነት ለምዕራቦቹ ለማሳየት ጭምር አስቦ ነበር። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ ያ መንግሥት አከተመ። ማማው ግን በምሥራቅም በምዕራብም ለሚኖረው የከተማው ሕዝብ ማሠራጨቱን ቀጠለ፤ የመላዋ በርሊንም ምልክት ሆነ። መንግሥት ለትምክሕት ያሰበው ነገር አለፈ፤ ለሕዝብ የሰጠው አገልግሎት ግን ቀረ።

በዚህ አስተያየቴ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ጎብኚ ወደ ፓሪስ የሚሄደው አንቴና ለማየት አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በአንድ ቀን ተነሥቶ አንድን ነገር የአገሬ መለያ ነው አይልም። ፍቅር ጊዜ ይፈልጋል። በ1887 አስቀያሚ የተባለው ማማ በልጅ ልጆች ዘመን ውብ ለመባል በመጀመሪያ እስከ ልጅ ልጆች ዘመን መቆየት ነበረበት። ያንን ጊዜ ያስገኘለት አንቴናው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «በየኮረብታው የሚያገለግሉ ሺህ ማማዎች አሉ፤ እነርሱ ለምን የአገር ምልክት አልሆኑም?» የሚል ነው። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። አገልግሎት ብቻውን ይበቃል አላልሁም። ጥሩ ቅርጽ፣ ሕዝብ ሊያየው የሚችል ቦታ፣ ወጥቶም ከተማውን የሚመለከትበት በር ሲጨመሩለት ነው ምልክትነቱ የሚሟላው። ያለ አገልግሎት ግን እነዚህ ሁሉ ቢሟሉ እንኳ ዕድሜ የላቸውም፤ የመኪናዎቹ አዳራሽ ምስክር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ዛሬ መልእክት በሳተላይትና ከባሕር በታች በተዘረጋ ገመድ ይተላለፋል። አገልግሎት የክብር መሠረት ከሆነ፣ አገልግሎቱ ያበቃለት ማማ ሊፈርስ ነውን?» እኔ አይደለም እላለሁ። በእኛ ዘንድ ውለታ የሚባል ነገር አለ። ልጆቹን አሳድጎ፣ ጎረቤቱን ረድቶ ያረጀ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ከቤት አይጣልም፤ እንዲያውም በመካከላቸው ከፍ ያለውን መቀመጫ ይይዛል። የአገር ምልክትም እንዲሁ ነው። አንድ ሕዝብ አንድን ሥራ ምልክቴ ነው ሲል፣ «ይህ ባለውለታዬ ነው» ማለቱ ነው። ውለታ ደግሞ አስቀድሞ ካልተዋለ በኋላ አይታሰብም።

ተማሪዎች፣ ምናልባት በምትኖሩበት ከተማ ወይም መንደር አጠገብ፣ ከኮረብታ ላይ፣ አንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ ቆሞ ይሆናል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው የለም፤ ስለ ውበቱ የሚዘምርለትም የለም። ነገር ግን እናት ሩቅ አገር ካለው ልጇ ጋር የምትነጋገረው፣ ነጋዴው የእህልን ዋጋ የሚጠይቀው፣ ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦች አምቡላንስ የሚጠሩት በእርሱ በኩል ነው። ሥራው ባቋረጠ ቀን ብቻ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። በሌላ ጊዜም ቀና ብላችሁ እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። የኤፍልም ማማ አንድ ጊዜ አይጠቅምም የተባለ የብረት ክምር ነበር።

ወደ ፊት ከእናንተ መካከል መሐንዲስ፣ አርክቴክት፣ የከተማ ሹም የሚሆኑ ይኖራሉ። «ለአገራችን ምልክት የሚሆን ታላቅ ነገር እንሥራ» የሚል ሐሳብ በጉባኤ ላይ ሲቀርብ ትሰሙ ይሆናል። ያን ጊዜ «ምን ያህል ይረዝማል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ለማን ያገለግላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛፍ በፍሬው ይታወቃል እንደሚባለው፣ ሕዝብ የሚያስበው የጠቀመውን ነው። የኤፍል ማማ ለምን እንዳልፈረሰ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖርም «ረጅም ስለ ነበረ» አትበሉት፤ ከእርሱ ጋር ረጃጅም የተባሉ ብዙዎች ፈርሰዋል። «ቁመቱን ለሥራ ስላዋለው ነው» ብላችሁ መልሱለት።